ከሱባኤ የመጣ ወገብ

የንስሐ አባቷ ጉሮሯቸውን ጠርገው ተነሡና፣ የነፍስ ልጃቸው ከስታ መመለሷን ለማኅበርተኛው አበሠሩ። «በሁለት ሳምንት ሱባኤ!» አሉ።

አንገቷን ደፋች። ሁለቱን ሳምንት የሆዷን ስብ በቱቦ አስመጥጣ ክሊኒክ ነው የተኛችው።

«እኔም እኮ ጾሜያለሁ፤ ሆዴ ግን አልሰማም» አለች አንዷ። ሳቁ። አምና ከሱባኤ ከስተው የተመለሱት የማኅበሩ መሪ፣ እትዬ ሙሉጎጃም፣ ግን አልሳቁም።

«በይ ልጄ፣ ስግደቱን አንቺ ጀምሪልን» አሉ ቄሱ።

ሐኪሙ ስድስት ሳምንት እንዳታወልቀው ያዘዛት ጠባብ መታጠቂያ ከቀሚሷ ሥር አንቆ ይዟታል። ግማሽ ጎንበስ ብላ ቀረች። መውረድም መነሣትም አቃታት።

እትዬ ሙሉጎጃም ቀረብ ብለው ደገፏት። በነጠላዋ ከልለው እጃቸውን በቀሚሷ የጎን ዚፕ በኩል ሰደዱና፣ ዓይናቸውን ከቄሱ ላይ ሳይነቅሉ፣ የት እንዳለ ማንም ሳያሳያቸው፣ የሚያንቀውን የመታጠቂያውን የታችኛውን መንጠቆ ፈቱላት።