ሁለት ጆንያ ሩዝ

«የሁለት ገበሬ ሩዝ ደባልቆ የፈተገው ሠራተኛ እዚህ ነበር የሚሠራው?» ሲል ማርቆስ ጠየቀ። ካመጣኋቸው አሥራ ሁለት የማስተርስ ተማሪዎች ጠያቂው እሱ ነው። የጠየቀውም እኔን ሳይሆን የዚህን የወረታ ሩዝ መፈተጊያ ባለቤት ጋሼ አንለይን ነው።

ታሪኩን የሰማው ከእኔ ነው። የንግድ ስትራቴጂ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ያንን ታሪክ ሳልናገር ያለፈ ሴሚስተር የለም። ከዚያ በፊትም አሥር ዓመት በፋብሪካ የዕቅድ ኃላፊ ሆኜ ስሠራ በየስብሰባው አውርቼዋለሁ። ሁልጊዜ የምጀምረው «አንድ ወጣት ሠራተኛ ነበር» ብዬ ነው።

በወረታ ዙሪያ ባለው በፎገራ፣ ገበሬ የገዛ ሩዙ ከማሽኑ ሲወርድ ቆሞ ማየት አለበት። ያን ቀን ግን ሁለት ገበሬዎች መፈተጊያውን አምነው ገበያ ወጡ። ወጣቱ ናፍጣ ልቆጥብ ብሎ የአንዱን ነጭ ሩዝ ከሌላው ቀይ ጋር ባንድ ጊዜ ፈተገው። እዚህ ላይ ተማሪ ሁሉ ይስቃል። የወጣቱ ስም ደሳለው እንደሆነ፣ ደሳለውም እኔ እንደሆንኩ ግን አንድም ቀን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ጋሼ አንለይ ሰማንያን አልፈዋል፤ የሚረሱት ነገር ግን የለም። ገረፍ አድርገው አዩኝና ወደ ማርቆስ ዞሩ።

«ነበር አንድ ልጅ። ስሙ ጠፋኝ፤ አገር ለቆ ሄዷል መሰለኝ።»

ተርፌያለሁ። ዝም ብል ማንም አይጠይቀኝም። ግን እኚህ ሽማግሌ ለእኔ ሲሉ በዚህ ዕድሜያቸው ሲዋሹ አንጀቴን በሉት።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ማሽኑ ስለሚጮህ እኔም ጮኬ ነው የተናገርኩት።

ተማሪዎቼ ይስቁብኛል ብዬ ነበር። የተቆጡት ጋሼ አንለይ ናቸው።

«ምን አስቸኮለህ? ሸፍኜልህ አልነበር?»

«ያኔ ቢያባርሩኝ ኖሮ የምማርበት ደሞዝ አይኖረኝም ነበር ጋሼ። ዛሬ እንጀራ የምበላበት ሁሉ ከዚህ ነው የተነሣ። ላመሰግንዎ ነው የመጣሁ።»

ወረፋ የምትጠብቅ አንዲት የቁሐር ሚካኤል ሴት ጆንያዋ ላይ ተቀምጣ ስትሰማን ቆይታ ነበር። ንግሥቲ ትባላለች፤ እኔም የተወለድኩት ቁሐር ስለሆነ የአገሬ ልጅ ናት።

«ኧረ ተው! የነጩ ሩዝ ባለቤት እኮ አባቴ ነበር» አለች። «ጋሼ አንለይ ሩዙን ተክተው፣ በዚያ ጭቃ ቤታችን ድረስ አስጭነው መጡ። ‹ዓይኔ ፈዞ እኔ ነኝ የደባለቅሁት፣ ይቅር በሉኝ› አሉን። አባቴ እስኪሞት ‹አንለይን ዓይኑ ከዳው› እያለ ሲያዝንላቸው ኖረ።»

ሩዙን ከጎተራቸው እንደተኩ አውቅ ነበር። ጥፋቴንም እንደወሰዱት ግን እስከዛሬ አላወቅሁም። ወላጆቼ በዚያ አገር አንገታቸውን ሳይደፉ የኖሩት እሳቸው ጥፋቱን በስማቸው ስለያዙ ኖሯል።

ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። ተማሪዎቼ እያዩኝ ነው፤ ይዩ። ጋሼ አንለይ አፍረው ሊያነሡኝ ታገሉ፤ አልነሣ ስላቸው ወደ ንግሥቲ ዞሩ።

«አደራሽን፣ ቁሐር ገብተሽ እንዳታወሪ» አሏት። «ልጁ አንድ ቀን አገሩ መግባቱ አይቀርም።»