የተገመደውና የተፈታው

ኪኑዮ የምትሠራው ኦይታ ከተማ፣ ከእንጉዳይ ስኳር በሚወጣበት ቤተ ሙከራ ነው። ጣዕም የሌለው፣ ረጅም ስኳር ነው። ሦስት ክር ሆኖ እንደ ገመድ ተገምዶ ሲቆይ የአይጥን ዕጢ ያከስማል። ኮስቲክ ሶዳ በሚባለው ኃይለኛ ኬሚካል ሲፈታ ስኳሩ ያው ነው፣ ክብደቱም ያው፤ አይጦቹ ግን ይሞታሉ።

በበጋው ባሏ ሹንፔይ ታመመ። ጀልባ ሠሪ ነበር። ለሱ የጨጓራ ቁስል ነው ተባለ፤ ዕጢ መሆኑን ሐኪሙ ለሚስቱ ብቻ ነገራት። ወጉ እንዲህ ነው።

ሆስፒታሉ ሁለቱን ዓይነት በሰው ላይ ሊያወዳድር ነበር። ኪኑዮ አለቃዋን ለመነች፤ ለባሏ የተገመደው ደረሰው። አጠገቡ ለተኛው ለሽማግሌው እንጉዳይ አብቃይ፣ ለአቶ ኦባታ፣ የተፈታው ደረሰ።

የመድኃኒቱን ጠርሙስ አዘንብላ ለባሏ አሳየችው።

«እየው፣ እንደ ማር ሲንቀረፈፍ። ያልተፈታው ይሄ ነው። የተፈታው እንደ ውኃ ነው የሚፈሰው።»

«ለቁስል ይሄ ሁሉ?»

«ቶሎ ይደፍነዋል።»

ኦባታ ከአልጋው ሳቀ። «እንጉዳዩን ከኔው ገዝታችሁ መልሳችሁ እኔኑ ትወጉኛላችሁ። ቀማኞች።»

የኦባታ ልጅ ሐኪሙን አነጋግራ ስትወጣ ኮሪደሩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ሹንፔይ በበሩ በኩል አያት። ከዚያ ፊቷን ታጥባ ገባችና አባቷን፣ «ጨጓራህን ብርድ መቶት ነው» አለችው።

ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ኦባታ ሩዝ ይደገምልኝ ማለት ጀመረ። ሹንፔይ የአጥንት ክምር ሆነ።

«የባልሽንም ድርሻ እኔው ልብላለት እንዴ?» አላት ኦባታ።

ኪኑዮ አልሳቀችም። ባሏ የተወጋበትን ባዶ ጠርሙስ አንስታ አዘነበለችው። የቀረችው ጠብታ እንደ ውኃ ወረደች።

ኦባታን አየችው። ጉንጩ ሞልቷል። ነርሷ ጠርሙሶቹን በየራስጌው አስቀምጣ መርፌ ልታመጣ ስትወጣ ክፍሉ ውስጥ ከሁለቱ በቀር ማንም አይቀርም። ሹንፔይ ደግሞ ቀና ማለት እንኳ አቅቶታል።

«አቶ ኦባታ ጠዋት ጠዋት ይነሳሉ?» ስትል ባሏን ጠየቀችው።

«ተያቸው፤ ደግ ሰው ናቸው።»

በዚያው ቀን ሐኪሙ ዕጢው ጉበቱ ላይ መድረሱን ነገራት።

በማግስቱ ማልዳ መጥታ በሩ ጥግ ቆመች። ነርሷ ጠርሙሶቹን አስቀምጣ ወጣች። አንድ እጅ ጠርሙስ ይዞ በሁለቱ አልጋዎች መካከል ቀስ ብሎ ተዘረጋ። ኪኑዮ ዘላ ገብታ ያዘችው።

ኦባታ እያንኮራፋ ነበር። የያዘችው እጅ የባሏ ነው።

«ቀስ በይ፣ እንዳትቀሰቅሻቸው» አለ ሹንፔይ። «የሳቸው እኮ ካንሰር ነው፤ የኔ ቁስል ምን ይቸኩላል?»