ቁርጥ አባባ

በመቃብሩ ስፍራ፣ ነጩ ጨርቅ ከሐውልቱ ላይ እንደሚነሳ በድምፅ ማጉያ ተነገረ። የሟቹ የአቶ ይርዳው ልጆች የአባታቸውን የመቃብር ሐውልት ገለጡት። ቀራጩ ክው አለ። ሰሞኑን ሁለት ሐውልት ሠርቶ ነበር፤ ጫኞቹ ተሳስተው ያመጡት የሌላውን ሟች ነው፣ ያውም ጺማሙን። አቶ ይርዳው ደግሞ ጺም አሳድገው አያውቁም። የቀራጩ የሠላሳ ዓመት ስም ገደል ሊገባ ነው።

“ቁርጥ አባባ!” አለ የበኩር ልጃቸው።

“ወይኔ አባብዬ፣ ጺምህ ሳይቀር!” ብላ ሴት ልጃቸው የሐውልቱ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

“እጅህ ይባረክ! ነፍስ ብቻ እኮ ነው የቀረው!” አሉት የዕድሩ ዳኛ።

ቀራጩ አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ “ጺሙ ነው ያስቸገረኝ” አለ።

ይህን ጊዜ የጫኞቹ መኪና እየተጣደፈ ተመልሶ መጣ። ከላይ በገመድ የታሰሩት አቶ ይርዳው፣ አገጫቸው ሙልጭ እንዳለ፣ ለቀስተኛውን ቁልቁል ያያሉ።