በመዳፍ ሙቀት

አየነው መጽሐፉን ከማዳበሪያ ከረጢቱ አወጣና በጋቢው ጫፍ ጠርጎ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ዝናብ እንዳይነካው በሁለት ፌስታል ጠቅልሎት ነበር። የዘጠነኛ ክፍል ፊዚክስ ነው።

«የልጄ የማስተዋል ነው» አለ። «ሌላ ልጅ ይማርበት፣ መልሱልኝ ብላ ልካኝ ነው።»

መምህርት የምሥራች የእጇን አቧራ አራግፋ መጽሐፉን ገለጠችው። ትምህርት ቤቱ ሁለት ዓመት ተዘግቶ ከርሞ የተከፈተው ገና በዚህ ሳምንት ነው፤ እሷም ከጠዋት ጀምራ ቤተ ሙከራው ውስጥ የተረፈውን ከተሰበረው እየለየች ነበር። በገጹ ዳር ዳር የልጅቷ የእርሳስ ጽሑፍ ሞልቷል። ያስተማረቻት እሷ ናት። ጥቂት አነበበችና ቀና አለች።

«ለምን ራሷ አልመጣችም? ምዝገባው እኮ እስከ ዓርብ ነው።»

«ተድራለች።»

«መቼ?»

«በተዘጋ በዓመቱ። ጥሊሊ አጠገብ ናት። ወልዳለችም፤ ወንድ ልጅ።» የመጨረሻውን እንደ ምሥራች ሊናገረው ሞክሮ ነበር፤ አልሆነለትም።

«እግዜር ያሳድግልዎ» አለች መምህርቷ፤ መጽሐፉን ዘግታ።

አየነው ከቆሰበር እስከዚህ ሲመጣ መንገዱን ሙሉ መልስ ሲያዘጋጅ ነው የዋለው። ልጅቷ ቤት ተቀምጣ ምን ላድርጋት? ጊዜው ክፉ፣ ትምህርቱ መቼ እንደሚከፈት የሚያውቅ የለ። አሁን ግን ለምን ዳርካት ብሎ የጠየቀው ሰው የለም። ከረጢቱን አጣጥፎ ሊወጣ ሲል ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ አረፈ።

ሙቅ ውኃ የያዘ ብርጭቆ አፍ ላይ አንዲት ትንሽ ዕቃ ተቀምጣለች። ሁለት ስስ ክብ ብረቶች፣ በላያቸው ደግሞ ቀጭን መንኮራኩር። መንኮራኩሩ ይዞራል። ድምፅ የለው፣ ጭስ የለው፣ የተሰካ ገመድ የለው።

«ይኼ ምንድን ነው መምህርት?»

«የሙቀት ሞተር ነው። ለማስተማሪያ የተሠራ፤ መጫወቻ ይበሉት። ከታች ሙቅ፣ ከላይ ቀዝቃዛ ሲሆን ውስጡ ያለው አየር አንዴ ይለጠጣል፣ አንዴ ይሰበሰባል። እሱ ነው የሚያዞረው።»

«ያለ ሙቅ ውኃ አይሠራም?»

«እንዲህ እንደዛሬ ብርድ ሲሆን የሰው እጅም ይበቃዋል።»

አየነው ባለበት ቆመ።

የዛሬ ሁለት ዓመት፣ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ነበር። እሱ የከሰል ክምሩን አፈር እያለበሰ ሳለ ማስተዋል ከነደብተሯ እየሮጠች መጣች። «አባዬ፣ ዛሬ እጄ ሞተር አስነሳ!» አለችው፣ መዳፏን ዘርግታ። አየነው ዕድሜውን ሁሉ ከሰል ሲያከስል የኖረ ሰው ነው። ሙቀት እንዴት እንደሚመጣ እሱ ያውቃል፤ እንጨት ተቆርጦ፣ ተከምሮ፣ ቀንና ሌሊት ተጠብቆ፣ ዓይን በጭስ ታውሮ ነው። ከት ብሎ ሳቀባት። በማግስቱ የሚካኤል ማኅበር ላይ፣ እሷ ጠላ እየቀዳች፣ «ልጄ ትምህርት ቤት ውሸት እየተማረችልኝ ነው» ብሎ ለሰው ሁሉ አወራው፤ ሰውም ሳቀ። ከዚያ ወዲህ ስለ ትምህርቷ አንድም ቀን አንስታለት አታውቅም። ሽማግሌ በተላከ ጊዜም፣ ከዚህ ትምህርት ምን ይቀርባታል ብሎ ልቡን ያሳረፈው በዚያችው ወሬ ነበር።

«እጅዎን ያምጡ» አለች መምህርቷ።

ከብርጭቆው አንስታ እስኪቀዘቅዝ ጠበቀችና በተሰነጣጠቀው መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። መንኮራኩሩ አልተንቀሳቀሰም። አየነው ጎንበስ ብሎ ተመለከተው። ባይዞር ብሎ ተመኘ። ምነው ባልዞረ።

«ሲጀምር ትንሽ መነካት ይፈልጋል» አለችና በጣቷ ጫፍ ገፋ አደረገችው።

አንድ ጊዜ ዞረ። ሊቆም መሰለ። ከዚያ ሁለተኛ ዞረ፣ ሦስተኛ፤ እየፈጠነም ሄደ።

አየነው በግራ እጁ እንደያዘው፣ በቀኙ ከኪሱ ስልኩን አወጣ።

«ኔትወርክ አለ እዚህ?»

«መስኮቱ አጠገብ ይሠራል።»

ወደ መስኮቱ ተጠግቶ ደወለ። ማስተዋል ቶሎ አነሳች። «አባዬ? ምን ሆናችሁ?»

«ደህና ነን፤ ደህና ነን። መጽሐፉን አደረስሁልሽ።»

«እሺ። እግዜር ይስጥልኝ።»

«ማስተዋል… ዞረ እኮ።»

«ምኑ?»

«እጄ ላይ ነው። ይኸው አሁንም እየዞረ ነው።»

«ምኑ ነው የሚዞረው አባዬ?»

መምህርቷ የነገረችውን ስም ፈለገ፤ ጠፋበት። በአማርኛ ቢያጣው አፉን ወደ ፈታበት አዊኛ ሄደ፤ እዚያም የለም።

«ያ የነገርሽኝ። ከሰሉ ዘንድ መጥተሽ። ያኔ ውሸት ነው ብዬ የሳቅሁብሽ።»

ከወዲያ ሕፃኑ ይነጫነጫል። እሹሩሩ ስትለው ሰማት፤ ከዚያ ዝም አለች። ያኮረፈች መስሎት ነበር። ግን ድምፅዋ ሲመለስ ቂም የለበትም፤ ከልቧ ስታስብ ቆይታ የመለሰች ሰው ድምፅ ነው።

«አላስታወስሁትም» አለች። «ምን ነበር የነገርሁዎት?»

መስመሩ አልተቋረጠም። ትንፋሿ ይሰማዋል፤ እስኪነግራት እየጠበቀችው ነው።