ለናሁ የተቆጠበ ድምፅ

«ድርርር... ደፍ፣ ደፍ።» ደግፌ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። የሟች ልጁ የናሁ፣ ቤንዚንና ዘይት ቀላቅሎ የሚጠጣው ሞተር ሳይክል ዛሬም ሲነሳ ጉልበት አጣ። ናሁ በሕይወት ሳለ «አባዬ፣ ዳገት ላይ ይታነቅብኛል» ይል ነበር።

ሲነሳ ጉልበት እንዲያገኝ የጭስ ማውጫውን ቱቦ፣ ማርሚታውን፣ ቀጥሎ አስረዘመው። ሊያስነሳው ሲል ሚስቱ ዘርፌ ከበሩ ብቅ አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ነገ ሙት ዓመቱ ነው። ድምፁን እንዳትጨርስብኝ» አለች በሹክሹክታ።

ከተማው ድምፅን በራሽን ማደል ከጀመረ ወዲህ በየቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ድምፅ ሲያልቅ ቀይ የሚያበራ ቆጣሪ አለ። ድምፅ ያለቀበት ቤት አዲስ ወር እስኪጠባ ትንፍሽ አይልም፤ የቆጠበ ግን የተረፈው ለሚቀጥለው ወር ይዞርለታል። ናሁ የተቀበረ ዕለት ቆጣሪያቸው ባዶ ስለነበር፣ ዘርፌ ነጠላዋን ነክሳ ነው የሸኘችው። ከዚያ ወዲህ የወጥ ማማሰያዋን እንኳ በጨርቅ ጠቅልላ፣ ዓመት ሙሉ ለሙሾዋ ቆጠበች።

«አንዴ ብቻ፣ ዘርፍዬ። ዳገቱን ይውጣለት።»

«አንዴ ያልከው ስንቴ ነው?» አለች፤ ግን አልከለከለችውም።

ረገጠው። ሞተሩ ሳይንተፋተፍ፣ በወፍራም ድምፅ ገና ከመነሻው ጀምሮ ሳበ። ደግፌ የልጁ ጀርባ ዳገቱን ሲወጣ የታየው መሰለው፤ እጁን ከነዳጅ መስጫው ማንሳት አቃተው። ያጠፋው የቆጣሪው ቀይ መብራት ከበራ በኋላ ነበር።

ዘርፌ መብራቱን ቀና ብላ አየችው። ለነገ ያጠበችውን ጥቁር ቀሚስ ከገመዱ አውርዳ አጣጠፈችው። ከዚያ ቀሚሱን በብብቷ ይዛ፣ የግቢውን በር እንዳይንቋቋ በሁለት እጇ ደግፋ ከፈተችና ትታው ወጣች።