የድልድዩ ሰልፍ

የአናጢው እግር የተሰበረው የሰፈሩ በጀት በሚከፋፈልበት ቀን ጎሕ ሲቀድ ነው። ማን ሰበረው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ሁሉም ያውቃላ።

በዚያ ሰፈር ማዘጋጃ ቤቱ ከሚመድበው ገንዘብ ጥቂቱን ነዋሪው ራሱ በየዓመቱ ይወስንበታል። መጀመሪያ እጅ በማውጣት ሞክረውት ነበር፤ ሁለት እጅ የሚያወጣ በዛና ተጣሉ። በኋላ ሌላ ዘዴ አበጁ። ሐሳብ ያለው ሰው ሜዳው ላይ ይቆማል፣ ደጋፊው ከኋላው ይሰለፋል፣ ረጅሙ ሰልፍ ያሸንፋል። ባለ ሐሳቡ ካልመጣ ሐሳቡ ወደቀ ማለት ነው፤ ተክቶት የሚቆም የለም።

አናጢው የሚፈልገው ድልድይ ነበር። ሰፈሩን ለሁለት የሚከፍለው ጅረት ካቻምና አንዲት ልጁን ወስዶበታል። ምስማር ገዝተሽ ነይ ብሎ ወደ ማዶ የላካት እሱ ነው፤ ስትመለስ ጎርፍ ደረሰባት። ሚስቱ በዚህ አንድም ቀን ወቅሳው አታውቅም። ሰው ሁሉ ትዕግሥቷን ያደንቅ ነበር።

ልጅቷ በሞተች ዓመት አናጢው ለድልድዩ ቆመ። የሰፈሩ ሰው ከንፈሩን መጥጦ ሲያበቃ ሄዶ የመንገድ መብራት ይተከል ካለው ሰው ኋላ ተሰለፈ። አምናም ቆመ፤ ከኋላው ዘመድ ብቻ ነበር። አብዛኛው ሰው ጅረቱን አይሻገርም፤ በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንዲሉ ነው።

ዘንድሮ ደግሞ ባለልኳንዳው መጣበት። ባለልኳንዳው ለገበያው ጣራ ይፈልጋል፣ ገበያተኛው በሙሉ ከእሱ ጋር ነው። በዋዜማው ስብሰባ ሁለቱ ተነጋገሩ ከማለት ተቦጫጨቁ ማለት ይቀላል። አናጢው፣ አንተ ሥጋህን ከፀሐይ ልታስጥል ነው፣ እኔ ሰው ከውኃ ላስጥል ነው አለው። ባለልኳንዳው ተነሥቶ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣

"ነገ በእግርህ ስትቆም አያለሁ" አለ።

አፍ ሲከዳ ከሎሌ ይብሳል።

ከስብሰባው መልስ፣ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ የአናጢው ታናሽ ወንድም፣ በያጁ፣ ወደ ወንድሙ የእንጨት ሥራ ቤት ጎራ ብሎ ነበር። አናጢው በአንድ ረጅም ጣውላ ጫፍና ጫፍ መያዣ እየመታ አገኘው።

"ምንድን ነው ወንድም ጋሼ?"

"መሸከሚያ።"

"የምን?"

"የከባድ ነገር" አለና ሳቀ። ልጁ ከሞተች ወዲህ ሲስቅ በያጁ ያየው ያኔ ነው። ደስ ብሎት ወደ ብየዳው ተመለሰ።

በነጋታው ገና ወፍ ሲንጫጫ የወንድሙ ሚስት ጩኸት ቀሰቀሰው። ሮጦ ደረሰ። አናጢው የእንጨት ሥራ ቤቱ ወለል ላይ ተዘርሯል። ግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች መታጠፍ በሌለበት ታጥፏል፤ ፊቱ ከማበጡ የተነሣ ዓይኑ አይታይም፤ ጥርሱ ከእንጨቱ ፍቅፋቂ መሐል ወድቋል። ለሜዳው ያስተኮሰው ሙሉ ልብስ ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ገላው ላይ ያለው አሮጌ ሱሪው ነበር። ሚስቱ ቀኝ እጇን በጨርቅ ጠቅልላ አጠገቡ ተቀምጣለች። ስሮጥ በር ቀጠቀጠኝ አለች።

በያጁ ስሙን ከአፉ ሊሰማ ጎንበስ አለ። አናጢው ግን "ሜዳው" አለ፤ ሌላ ቃል አልወጣውም። ጩኸቱን ሰምተው የመጡት ጎረቤቶች መጀመሪያ ወጌሻ ይይህ ቢሉት እምቢ አለ። ደግነቱ መሸከሚያው ጥግ ላይ ነበር። አራት ሆነው አነሡት። በያጁ በአንድ እጁ ጣውላውን፣ በሌላው ብረት ይዞ ወጣ።

ሜዳው ላይ ባለልኳንዳው ረጅም ሰልፍ አስከትሎ ቆሟል። ሲያርድ አድሮ የመጣ ነውና ሽርጡ ደም በደም ነው። ጣውላው ሲደርስ ሰዉ መንገድ ለቀቀለት። ሁሉም አንዴ የተሰበረውን እግር አየ፣ አንዴ ሽርጡን አየ።

የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኛ፣ የተኛ ሰው ቆሟል ይባላል ወይ ብሎ ግራ ተጋባ። ከባለልኳንዳው ሰልፍ አንዲት አሮጊት ወጡና፣

"እግሩን ሰበሩት እንጂ ሐሳቡን መቼ ሰበሩት" ብለው ከጣውላው ኋላ ቆሙ።

ሌላው ተከተላቸው። የባለልኳንዳው ሰልፍ እንደ ቅቤ ቀለጠ፤ በመጨረሻ የገዛ አማቹ ሳይቀር ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ተሻገረ። ድልድዩ አሸነፈ።

በያጁ እልልታው እስኪያልቅ አልጠበቀም። ባለልኳንዳው "የበሬ ደም ነው፣ እኔ አልነካሁትም" ሲል ሥጋ የሚቆርጥበትን እጁን በብረቱ መታው። አጥንቱ ሲሰበር ሰማ። ደግሞ መታው። ከዚያ ሰዉ ገባበት፤ በድንጋይም፣ በዱላም፣ በእርግጫም። ጥቂቶቹ ሄደው ሱቁን አነደዱት።

አናጢው ጣውላው ላይ ሆኖ "ተዉ፣ ተዉ" ይል ነበር። በዚያ ጫጫታ ማን ይሰማዋል። የሰሙትም ደግነት ነው ብለው ተደነቁ።

አመሻሽ ላይ በያጁ ወደ ወንድሙ ቤት አመራ። ባለልኳንዳው ነፍሱን አያውቅም፤ ይትረፍ አይትረፍ የሚናገር የለም። በያጁ ግን ልቡ ሞልቶ ነበር፤ ደምህን መልሻለሁ ሊለው ነው የሚሄደው። በሩ ገርበብ ብሏል። ወንድሙ በተሰበረ ጥርሱ ሚስቱን ሲያናግራት ሰማና ቆመ።

"የተነጋገርነው እግሬን ነበር" ይላታል። "ፊቴን ለምን ጨመርሽ?"

እሷ በግራ እጇ ሾርባውን እያጎረሰችው ነበር።

"እግርህ ለድልድዩ ነው" አለችው። "ፊትህ ለልጄ ነው።"