በንጉሡ ሠ

ከሚስቱ ደብቆ የሚሠራው ነገር ቢኖር ይኼ ብቻ ነው። ተጫዋቾች እየሰበሰቡ የሚለዋወጡትን ባለ ሥዕል የውጊያ መጫወቻ ካርታ አስመስሎ፣ ታኮ ጫማ ያደረጉ እመቤቶችና እግራቸው ሥር የተንበረከኩ ወንዶች ያሉበትን የራሱን ካርታ ይስላል። ሲጨርስ የሱ ቢጤ አመል ያለባቸው ሰዎች ለተሰባሰቡበት የቴሌግራም ግሩፕ በሐሰት ስም ይልካል።

ዛሬ ግን ቆሽቱ አርሯል። ግሩፑን የምታስተዳድረው «ባለ ታኮዋ» ዋናዋን፣ የንግሥቷን ካርታ ለሦስተኛ ጊዜ መለሰችበት። ታኮው አጠረ አለች፣ አስረዘመ። የተንበረከከው ወንድ ቅጣት ቀለለ አለች፣ አከበደ። አሁን ደግሞ፦ «‹ንግስት› ብለህ ጽፈሃል። ንግሥት በንጉሡ ሠ ነው!»

«ወይ ጣጣ! በእሳቱ ሰ ብትጻፍ ዘውዷ ሊወድቅ ነው?» ብሎ ላፕቶፑን ጠረቀመው።

ውኃ ሊጠጣ ማድቤት ገባ። ጠዋት የጻፈው የአስቤዛ ዝርዝር ፍሪጁ ላይ እንደተለጠፈ ነው። «ስጋ» ያለው በቀይ እስክሪብቶ ተሰርዞ፣ በሚስቱ የእጅ ጽሑፍ «ሥጋ፤ በንጉሡ ሠ!» ተብሏል። ከሽንኩርቱ ሥር ደግሞ እሱ ያልጻፈው ነገር ተጨምሯል፦

«ቀይ ታኮ ጫማ፣ ቁጥር ሠላሳ ስምንት።»